ሳይደርስ ስለ መጠየቅ፤ የፋብሪካ ጠንቅና የመምህሩ ድርሻ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነገረ)



በዚህ በማኅበራችን የመታሰቢያ በዓል ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ማስተማር ዘዴ ወይም ስለ ፈተና አወጣጥ አንድ ነገር እንድል እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ ፋብሪካ መናገርን ነው። ይኸውም እሳት የሚይዘው ፈሳሽ፣ የሚመርዝ ጋዝና የታመቀ እንፋሎት በሚገኝባቸው የሥራ ስፍራዎች አደጋ ከመድረሱ አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል፣ ከታወቀስ በኋላ እንዴት ይገታል የሚል ነው። ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ጥቂት ታግሦ ቢሰማኝ፣ ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመጠየቅ ትምህርት መሆኑን ያያል። መጠየቅን የሚያስተምር ደግሞ ከመምህር በቀር ማን ነው? ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ስለ ሆነ ከብዙዎቻችሁ በዕድሜም በሥራም አንሳለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን የማቀርበው እንደ መካሪ ሳይሆን፣ ያነበበውንና ያየውን ለባልደረቦቹ እንደሚያካፍል ሰው ነው።

ከፋብሪካው አስቀድሜ አንድ ትምህርት ቤት ላሳያችሁ። በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ የነዳጅ ዘይት በሚወጣበት አካባቢ፣ ኒው ለንደን በምትባል ስፍራ ብዙ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረ። በ1937 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ለማሞቂያ ጋዝ የሚከፍለውን ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ከጋዝ ሻጩ ጋር የነበረውን ውል ተወና፣ ቤንዚኑ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ትርፍ ጋዝ ከሚያልፍበት ቧንቧ መሳብ ጀመረ። እንዲህ ያለው ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ማንም ሳያውቀው እያፈተለከ ከሕንጻው ወለል በታች ባለው ባዶ ስፍራ ተጠራቀመ። መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. (ማርች 18 ቀን 1937) የእጅ ሥራ መምህሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የእንጨት ማለስለሻ መኪና ሲያስነሣ፣ ከዚያ በወጣች ብልጭታ ሕንጻው ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ከዚህ በኋላ በጋዝ ውስጥ ክፉ ሽታ ያለው ቅመም እንዲጨመር በሕግ ታዘዘ። ዛሬ በየቤታችን ከሲሊንደር ሲያፈተልክ የሚሸተን ያ ክፉ ሽታ የጋዙ የራሱ ጠባይ አይደለም፤ ሰው አስቦ ያስገባው ነው። በዐይን የማይታየውን፣ በአፍንጫም የማይታወቀውን ነገር እንዲታወቅ አድርጎ ማኖር ዛሬ የምነግራችሁ ሥራ መጀመሪያ ነው።

ስለ ቃላት ደግሞ ጥቂት ልናገር፤ ቃሉ ካልተለየ አሳቡም አይለይምና። በዕለት ንግግራችን "አደጋ" የምንለው ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን አጣምረን ነው። ቡና ተፈልቶ ጀበናው ከከሰሉ ላይ እንደ ተቀመጠ አስቡ። በጀበናው ውስጥ ያለው ፍል ውሃ ጠንቅ ነው፤ ገና ማንንም ባይነካ እንኳ ሊጐዳ የሚችል ነገር ነውና። በቤቱ ውስጥ መዳህ የጀመረ ሕፃን ካለ ሥጋት አለ፤ ይህም ሥጋት የሚመዘነው ሕፃኑ ወደ ጀበናው ሊደርስ የሚችልበት ዕድል ምን ያህል እንደ ሆነና ቢፈስበት ምን ያህል እንደሚጐዳው በአንድነት ታይቶ ነው። ጀበናው የተገለበጠ ጊዜ ብቻ አደጋ ደረሰ እንላለን። እንግዲህ አደጋው ከደረሰ በኋላ ማዘን የሁሉም ሰው ነው፤ ሥጋቱን መመዘን የጥቂቶች ነው፤ ጠንቁን ከሩቅ ለይቶ ማየት ግን ልምምድን የሚጠይቅ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንሂድ። በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሺር፣ ትሬንት በሚባለው ወንዝ አቅራቢያ ፍሊክስቦሮ የምትባል መንደር አለች። በዚያ ለናይለን መሥሪያ የሚሆነውን ካፕሮላክታም የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያወጣ ፋብሪካ ነበረ። ሥራው እንደሚከተለው ነው። ሳይክሎሄክሴን የሚባል፣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ እሳት የሚይዘው ፈሳሽ፣ እስከ 155 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሞቆ፣ በግፊትም ታምቆ፣ እንደ ደረጃ ዝቅ ዝቅ ብለው በተደረደሩ ስድስት ታላላቅ የብረት ጋኖች ውስጥ አየር እየተነፋበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራን ልብ እንዲሉ እለምናለሁ። ይህ ፈሳሽ በተራው የአየር ግፊት የሚፈላው በ81 ዲግሪ ነው። በ155 ዲግሪ ፈሳሽ ሆኖ የሚቈየው የጋኑ ግፊት ስለ ያዘው ብቻ ነውና፣ መያዣው ቢቀደድ በአንድ አፍታ ተንኖ እንደ ደመና ይወጣል።

መጋቢት 18 ቀን 1966 ዓ.ም. (ማርች 27 ቀን 1974) ከስድስቱ ጋኖች 5ኛው ተሰንጥቆ ሲያፈስ ተገኘ። የስንጥቁ ርዝመት ወደ 2 ሜትር ይጠጋ ነበር። በኋላ ሲመረመር የተገኘው ምክንያት እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረችውን ትንሽ ፍሳሽ ለማቅለል ሲባል ከውጭ የፈሰሰው ውሃ ናይትሬት ነበረበትና፣ ናይትሬቱ ብረቱን ቀስ በቀስ እንዲሰነጠቅ አድርጎታል። መድኃኒት ተብሎ የቀረበው ነገር ራሱ በሽታ ሆነ ማለት ነው። የፋብሪካው ሹማምንት 5ኛውን ጋን አንሥተው 4ኛውንና 6ኛውን በቧንቧ አገናኝተው ሥራውን ለመቀጠል ወሰኑ። የጋኖቹ መግቢያና መውጫ 28 ኢንች ስፋት ሲኖረው በእጃቸው የተገኘው ቧንቧ 20 ኢንች ነበር። ሁለቱ ጋኖች በከፍታ ስለማይስተካከሉ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ታጠፈ፤ በሁለቱም ጫፍ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥ መጋጠሚያ ተገባለት፤ ከበታቹም ለግንባታ በሚያገለግል የብረት ርብራብ ተደገፈ። በውስጡ ያለው ግፊት የታጠፈውን ቧንቧ እንዴት እንደሚያጣምመው የሚያሳይ ስሌት አልተሠራም። የመጋጠሚያው ሠሪ ያዘጋጀው መመሪያም አልተነበበም። ለዚህ ሁሉ ሥራ የነበረው ንድፍ በዎርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ የተሣለ ሥዕል ብቻ ነበር።

ጠመኔን መቼም እኛ አንንቀውም፤ እንጀራችን ነውና። ነገር ግን በወለል ላይ የተሣለ የጠመኔ ሥዕል እግር ያጠፋዋል። ሁለተኛ ሰው ወስዶ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ "ይህ መታጠፊያ ስለ ምን አስፈለገ?" ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። በዚያን ጊዜ የፋብሪካው ዋና የጥገና መሐንዲስ ሥራውን ለቆ ነበርና ምትኩ ገና አልተሾመም ነበር፤ ስለዚህ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ወንበር ባዶ ነበረ። የቀሩትም ሰዎች ሰነፎች ወይም ክፉዎች አልነበሩም። ምርት እንዳይቋረጥ የተጣደፉ፣ በሙያቸውም የሚተማመኑ ሰዎች ነበሩ። 5ኛው ጋን ስለ ምን እንደ ተሰነጠቀ ሳይታወቅ፣ የቀሩትም አምስቱ የዚሁ ዐይነት ስንጥቅ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው በሚገባ ሳይመረመር ሥራው ተጀመረ፤ ሁለት ወር ያህልም ያለ ችግር ሄደ። ይህ ሁለት ወር ነው ሰውን የሚያታልለው።

ቅዳሜ ግንቦት 24 ቀን 1966 ዓ.ም. (ጁን 1 ቀን 1974)፣ ከቀኑ በ10 ሰዓት ከ53 ደቂቃ፣ መርማሪው ጉባኤ በኋላ እንደ ወሰነው፣ ያ ቧንቧ ከሁለቱ ጫፍ ተነቅሎ ነበርና ሳይክሎሄክሴኑ እንደ ደመና ተንኖ ወጣ፤ ከአንድ ስፍራም እሳት አግኝቶ ፈነዳ። 28 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 18ቱ በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ ከዚያ ክፍል በሕይወት የወጣ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባይሆን፣ የቢሮዎቹ ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው ባሉበት በሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ የሟቾቹ ቍጥር እጅግ በበዛ ነበር። ፋብሪካው ጠፋ፤ ከአጥሩ ውጭ ባሉት መንደሮችም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቤቶች ተጐዱ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ፣ ሊከለክለው የሚችለው ዘዴ በዚያው አገር ተፈልስፎ ከተሠራበት ዐሥር ዓመት ያህል ያለፈው መሆኑ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ በሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ውስጥ፣ የአንድ አዲስ የፌኖል ፋብሪካን ንድፍ ለመመርመር ጥቂት ሰዎች በሳምንት ብዙ ጊዜ እየተሰበሰቡ ለወራት ተቀመጡ። በንድፉ ላይ ያለውን ቧንቧ ሁሉ አንድ በአንድ እያነሡ ይጠያየቁ ነበር። ከዚያ ልምድ የተወለደው ዘዴ ዛሬ በዓለም ሁሉ ሃዞፕ በሚባል ስም ይታወቃል። በዚያው ኩባንያ የሠሩት ትሬቨር ክሌትዝ የሚባሉት ሰው በመጽሐፋቸውና በትምህርታቸው ከሁሉ አብልጠው አስፋፉት።

የዘዴው መሠረት ሰባት ቃላት ናቸው። እንደ እኛ አነጋገር ባስቀምጣቸው፤ የለም፣ በዛ፣ አነሰ፣ ጎደለ፣ ሌላም ተጨመረ፣ ተገለበጠ፣ ሌላ ሆነ። እነዚህን ቃላት ወስዶ በቧንቧው ውስጥ ከሚሆነው ነገር ጋር፣ ማለት ከፍሰቱ፣ ከግፊቱ፣ ከሙቀቱ፣ ከከፍታው ጋር ማጋጠም ነው። ይኸው ነው። ተራ ነገር ይመስላል። ግን በአገራችን በምናውቀው ነገር ላይ እንሞክረው።

በወንጂ ስኳር መመረት ከተጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. አንሥቶ፣ ከዚያም በፊት፣ ቦይለር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በስኳር ፋብሪካ፣ በቢራ ጠመቃ፣ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ፣ በታላላቅ ሆስፒታሎችም ሳይቀር ይገኛል። ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚያስገባውን አንዱን ቧንቧ ብቻ እንውሰድ። "የለም" የሚለውን ቃል ከፍሰት ጋር እናጋጥም፤ ውሃ አልመጣም። ስለ ምን? ፓምፑ ቆሞ ይሆናል፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ ጋኑ ባዶ ሆኖ፣ ወይም ትናንት ለጥገና የተዘጋው ቫልቭ ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል። ውሃ ካልመጣ ምን ይከተላል? እሳቱ እየነደደ ውሃው ያልቃል፤ በውሃ ሲቀዘቅዝ የነበረው ብረት ይግላል፤ የጋለ ብረት ይለሰልሳል፤ በግፊት ውስጥ ያለ የለሰለሰ ብረት ይቀደዳል። በተቀደደ ጊዜ በውስጡ የቀረው ፍል ውሃ በአንድ አፍታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ አንድ ሊትር ውሃ በተራው የአየር ግፊት ከ1,600 ሊትር የሚበልጥ እንፋሎት ይሆናልና፣ ቦይለሩ የሚያፈርሰው ሕንጻ ስለ ምን እንደሚፈርስ ከዚህ ማወቅ ይቻላል። ይህን የሚከለክል ምን አለን? የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ መስተዋት አለ፤ ውሃ ሲያንስ የሚጮህ ደወል አለ፤ ነዳጁን በራሱ የሚያቋርጥ መሣሪያ አለ። መልካም። ማን ፈተሸው? መቼ? ደወሉ ሲጮህ ያ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? በድንጋጤ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ጋለው ብረት ቢለቅ ራሱ ፍንዳታውን ያመጣል፤ አስቀድሞ ማጥፋት የሚገባው እሳቱን ነው። "ተገለበጠ" የሚለውን ብንወስድ ደግሞ፣ ፓምፑ ሲቆም በቦይለሩ ያለው ግፊት ፍሉን ውሃ ወደ ኋላ ወደ ፓምፑ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭ ያስፈልጋል። "ሌላም ተጨመረ" ብንል፣ ከውሃው ጋር ኖራ መሰል ጨው ገብቶ በቧንቧው ላይ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል፤ ሙቀቱም ወደ ውሃው እንዳያልፍ ይከለክላል። ገና ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው ያነሣነው፤ ቧንቧውም አንድ ነው።

ይህን በተግባር ያየ ሰው ሥራው አድካሚና አሰልቺ መሆኑን ይመሰክራል። ጥቅሙም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ሰው በራሱ አሳብ ሲሄድ ደስ ወደሚለው ጥያቄ ይሄዳልና፣ ቃላቱ ግን ወደማይወደው ጥያቄ ይጐትቱታል።

ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው በጠረጴዛው ዙሪያ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ብቻውን አይበቃም፤ የራሱን ልጅ ነውር ማን ያያል? ቫልቩን በየቀኑ የሚያዞረው ሠራተኛ፣ የጥገናው ሰው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው፣ አንድ ጸሐፊ፣ ከዚያም ከንድፉ ጋር ዝምድና የሌለው ሰብሳቢ አብረው ይቀመጣሉ። ብልኅ ሰብሳቢ የበታቹን አስቀድሞ ያናግራል፤ አለቃው አስቀድሞ ከተናገረ የቀረው ሁሉ "ልክ ነው" ከማለት አያልፍምና። በዚህ ረገድ በእኛ ዘንድ ይሉኝታ የሚባል ታላቅ መሰናክል አለ። ይሉኝታ በጉርብትናና በለቅሶ ቤት መልካም ጠባይ ነው፤ በቦይለር አጠገብ ግን ሰውን ይገድላል። "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ አባቶቻችን፤ ቅጠሉን የያዘው ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ደሞዝተኛ ነው፤ እርሱ ደግሞ እንዳይናገር ያስተማረነው እኛ ነን።

ከሁለት ዓመት በፊት ዕጩ መምህራንን ይዤ ስሙን የማልጠራውን አንድ ፋብሪካ ለማየት ሄጄ ነበር። የቦይለሩ ክፍል ለጥገና ቆሞ፣ ቦይለሩም ቀዝቅዞ ነበር። አንዲት ተማሪዬ የግፊት መለኪያውን አየችና፣ "እሳቱ ከጠፋ ሦስት ቀን ሆኖት ሳለ መርፌው ስለ ምን 4 ላይ ቆመ?" ብላ ጠየቀች። ያስጐበኘን የነበረው ሰው ሳቀና፣ "እኔ ከመጣሁ ጀምሮ 4 ላይ ነው" አለ። ስንት ዓመት እንደ ሆነው አልጠየቅነውም። ከዚያች ልጅ ጋር በአውቶቡሱ ስንመለስ ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ጠንቁ ከተለየ በኋላ ሥጋቱን መመዘን ይከተላል። ለዚህ በብዙ ስፍራ የሚሠራበት ሰንጠረዥ አለ፤ በአንድ በኩል የመድረሱ ዕድል ከ1 እስከ 5፣ በሌላ በኩል የጉዳቱ ክብደት ከ1 እስከ 5 ይጻፋል፤ ሁለቱ ተባዝተው ከ1 እስከ 25 ያለ ቍጥር ይወጣል፤ ታላቁ ቍጥር ቀይ፣ ታናሹ አረንጓዴ ይቀባል። ሰንጠረዡ ሰዎችን ለማነጋገር ይረዳልና አልነቅፈውም። ነገር ግን ግምት በግምት ቢባዛ ያው ግምት ነው። አረንጓዴ የሚፈልግ አለቃ አረንጓዴ ሲያገኝ ብዙ ታይቷል። እኛም በትምህርት ቤት ይህን በሽታ እናውቀዋለን፤ ቅጹ ተሞልቶ፣ ማኅተሙ ተመትቶ፣ ክፍሉ እንደ ነበረ የሚቀርበትን ጉብኝት ማን ያልቀመሰው አለ?

መከላከያውም ሥርዓት አለው። ወደ ጀበናው ምሳሌ እንመለስ። ብልኅ እናት ገና ቃል የማይሰማውን ሕፃን በመገሠጽ አትደክምም፤ ጀበናውን ከፍ ካለ ስፍራ ታኖረዋለች፤ ይህም ካልተቻለ በሕፃኑና በእሳቱ መካከል ዱካ ወይም ሌላ መከለያ ታቆማለች። በፋብሪካም እንዲሁ ነው። አስቀድሞ ጠንቁን ማስወገድ፤ ካልተቻለ በሚያንስ ነገር መተካት ወይም መጠኑን መቀነስ፤ ከዚያ መከለልና በመሣሪያ መግታት፤ ከዚያ በኋላ በደንብና በሥልጠና ማሠራት፤ በመጨረሻም ጓንትና የራስ ቍር። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው። ጓንት ገዝተን፣ "ጥንቃቄ!" የሚል ጽሑፍ በግድግዳ ላይ ለጥፈን ሥራው የተፈጸመ ይመስለናል። ከላይ ያነሣኋቸው ክሌትዝ ከሁሉ አብልጠው ያስተማሩት፣ አደገኛውን ነገር በብዙ መጠን ካከማቹ በኋላ ብዙ ጠባቂ ከማቆም ይልቅ ቀድሞውኑ ጥቂቱን ብቻ መያዝ እንደሚሻል ነው።

ለዚህ ምስክር የምትሆነው የሕንድ ከተማ ቦፓል ናት። ኅዳር 23 ለ24 አጥቢያ 1977 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ 1984)፣ ዩኒየን ካርባይድ ከሚባለው ኩባንያ የተባይ መድኃኒት ፋብሪካ ሜቲል አይሶሳያኔት የሚባል መርዝ 40 ቶን ያህል ወጥቶ በተኙት ሰዎች ላይ ወረደ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ የዐይናቸውንና የሳንባቸውን ጤና አጥተው የቀሩት ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው። መርዙ ለሌላ ነገር መሥሪያ የሚያገለግል መሸጋገሪያ እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም፤ በዚያ መጠን ማከማቸት ግዴታ አልነበረም። አሳሳቢው ሌላው ነገር፣ ጠባቂዎቹ ብዙ ሆነው ሳለ በዚያች ሌሊት አንዳቸውም በሚገባ አለመሥራታቸው ነው። የማቀዝቀዣው መሣሪያ ከወራት በፊት ቆሞ ነበር፤ የሚያፈተልከውን ጋዝ የሚያቃጥለው ማማ ቧንቧው ለጥገና ተለያይቶ ነበር፤ ከአደጋው ጋር የሚነጻጸር ኃይል ያለው ማጠቢያም አልነበረም፤ የሚረጨው ውሃ ጋዙ ወደሚወጣበት ከፍታ አልደረሰም። እያንዳንዱ የቆመበት ምክንያት ነበረው፤ እያንዳንዱም ምክንያት ለብቻው ሲታይ የሚያስተኛ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በአጥር ውጭ ስላሉት ሰዎች ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 12 ቀን 2011)፣ እኛ የዘመን መለወጫን በምናከብርበት ማለዳ፣ በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ሲናይ በሚባለው የድኾች ሰፈር ከነዳጅ ማስተላለፊያው ያፈተለከ ቤንዚን በዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ እየፈሰሰ ወደ ቤቶቹ መካከል ደረሰ። ሰዎች በየዕቃቸው ሊቀዱ ተሰበሰቡ። እሳት ተነሣ፤ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። እነዚህን ሰዎች ስለ ምን ቀዱ ብሎ መውቀስ ለሚበላ ሰው ቀላል ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከቤንዚን ላይ የሚነሣው የማይታይ ተን ከአየር የከበደ መሆኑን፣ በቦዩ ተከትሎ ርቆ እንደሚሄድና እሳት ከሩቅ አግኝቶ እንደሚመለስ በዚያ ሰፈር ስንት ልጅ ያውቅ ነበር? በአውሮፓ በ1976 እ.ኤ.አ. በጣልያን አገር በሴቬሶ ከደረሰው የመርዝ አደጋ በኋላ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በአደገኛ ፋብሪካ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች ምን እንዳለና ሲደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው እንዲነገራቸው ያስገድድ ነበር። ይህ ንገር የተባለው ቃል በመጨረሻው የሚደርሰው በማን አፍ ነው? በሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር አፍ ነው።

በእኛም አገር ሕግ ጎድሎ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞቹን በሥራቸው ስላለው አደጋ እንዲያስታውቅ፣ የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዝዛል፤ ሠራተኛውም ጉድለት ወይም በራሱ ሊያስወግደው የማይችለው አደገኛ ነገር ሲያይ ወዲያው እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ይህን የመጨረሻውን ግዴታ ተመልከቱት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ "ዝም በል፣ ጻፍ" እየተባለ ያደገ ልጅ፣ በሥራ በገባ በማግሥቱ ለአለቃው "ይህ ቫልቭ አላማረኝም" እንዲል ሕጉ ይጠይቀዋል።

እኔ በምሠራበት ማሠልጠኛ ያደረግነውን ብነግራችሁ ታላቅ ነገር አይደለም። ለኬሚስትሪ ዕጩ መምህራን አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም የሚለውን ደንብ ሁሉም በቃል ያውቁታል። "ተገለበጠ" የሚለውን ቃል ሰጥቼ፣ ቢገለበጥ ምን ይሆናል፣ ስለ ምንስ ይሆናል ብዬ ብጠይቅ፣ ከሠላሳ ሁለቱ የመለሱት አራት ነበሩ። ውሃው ከሰልፈሪክ አሲድ ይቀልላልና ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ሙቀት ያንን ጥቂት ውሃ በአንድ ጊዜ ያፈላዋል፤ የፈላው ውሃም አሲዱን ይዞ ወደ ፊት ይረጫል። አሲዱ ወደ ብዙ ውሃ ቀስ እያለ ሲገባ ግን ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሙቀቱም በብዙው ውሃ ይከፋፈላል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደንቡን ቢረሳው እንኳ መልሶ ያገኘዋል፤ ደንቡን ብቻ ያወቀ ግን ጠርሙሱ ሲለወጥበት ይጠፋበታል። አሁን በየወሩ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሰባቱ ቃላት ሰጥተናል፤ በቤተ ሙከራው ማሞቂያ ላይ፣ በማደሪያ ቤቱ ወጥ ቤት ባለው የጋዝ ሲሊንደር ላይ፣ በውሃ መሳቢያው ፓምፕ ላይ ተማሪዎቹ ይጠያየቃሉ፤ አንዱ ይጽፋል፤ ያልተመለሰውም ጥያቄ ለወጥ ቤቱ ኀላፊ ወይም ለግቢው ጠባቂ ይቀርባል። የወጥ ቤቱ ኀላፊ ወይዘሮ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቁ እንደ ነበር በመጀመሪያው ቀን ተረዳን፤ የጐማው ቧንቧ ተሰንጥቆ እንደ ነበር ለስምንት ወር ያህል ሲያመለክቱ ኖረዋል። ቧንቧው በዚያው ሳምንት ተለወጠ።

ማኅበራችን ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። የፋብሪካ ጉብኝት በየትምህርት ቤቱ ቢደረግም፣ ተማሪዎች ግቢውን ዞረው፣ ለስላሳ ጠጥተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ማኅበሩ በአቅራቢያችን ላሉት ፋብሪካዎች ደብዳቤ ጽፎ፣ ተማሪዎቹ አንድ መሣሪያ ብቻ መርጠው ለአንድ ሰዓት እንዲጠይቁ፣ የሚመልስላቸውም የሕዝብ ግንኙነት ሹሙ ሳይሆን መሣሪያውን የሚያሠራው ሠራተኛ እንዲሆን ቢለምን መልካም ነው። ምናልባት እንቢ የሚሉ ይኖራሉ፤ እንቢታውም ቢሆን ተጽፎ ቢቀመጥ አይከፋም።

ሰባቱን ቃላትና የቦይለሩን ምሳሌ በአንድ ገጽ አሳትሜ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬአለሁ፤ የሚበቃ ይመስለኛል። የቀረው ጊዜ የጥያቄ ነውና፣ ክቡራን ሹማምንት ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በኋላ ወንበር ከተቀመጡት ከዕጩ መምህራኑ ብንጀምር ደስ ይለኛል።